የአዴ ብርቄ አፍና የነጩ ሰሌዳ እጅ

ዓይንና ጆሮ ጎረቤታሞች ናቸው፤ መሐላቸው አራት ጣት ቢያስገባ ነው። ጎረቤት ስለሆኑ ግን ይስማማሉ ማለት አይደለም፤ እናንተም የሰፈራችሁን ታውቁታላችሁ። አሰላ መናኸሪያ ቆማችሁ የምታውቁ ከሆነ፣ ግንባሩ ላይ «ኢተያ» የሚል ታፔላ የሰቀለ ሚኒባስ በር ላይ የተንጠለጠለው ረዳት «አዳማ! አዳማ! አንድ ሰው!» እያለ ሲጮኽ ሰምታችኋል። ዓይን ኢተያ ይላል፣ ጆሮ አዳማ። የትኛውን አምናችሁ ትሳፈራላችሁ? ረዳቱን ነዋ! ታፔላ አምኖ የተሳፈረ ሰው እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም። («አንድ ሰው» የሚለውን ግን አትመኑ፤ ገና አምስት ይጎድለዋል።)

ባለፈው ዓመት አንድ ባልደረባዬ ልጁን ሲድር ወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን ተጠርቼ ሄድኩ። እኔ የኦርቶዶክስ ልጅ ነኝና መዝሙሩን አላውቀውም፤ ተስፋዬ በሙሉ ግጥሙ የሚበራበት ግድግዳ ላይ ነበር። ምን ዋጋ አለው፣ ሕዝቡ ሦስተኛው አዝማች ላይ ሲደርስ ግድግዳው ገና የመጀመሪያው ላይ ቆሟል። ቀና ብዬ የተጻፈውን ልዘምር ስል ከጎኔ ያሉት እናት በክርናቸው ጎሸም አደረጉኝ። ወዲያው ደግሞ ግድግዳው እንደ ነቃ ሰው ብንን አለና ገና ያልተጀመረ መዝሙር ላይ ዘለለ። ሕዝቡ በቃሉ ስለሚያውቀው ደንታም አልነበረው። እኔ ብቻ ድምፅ ሳላወጣ ከንፈሬን እየከፈትኩ እየገጠምኩ ከውኃ የወጣ ዓሣ መስዬ ሰርጉ አለቀ።

ይህን ሁሉ የምዘበዝብባችሁ ለጨዋታ ብቻ አይደለም። እኔም ራሴ በዚህ በዓይንና በጆሮ ጠብ መሐል ገብቼ ሽማግሌ ልሁን ብዬ፣ አሳሬን ያየሁ ሰው ስለሆንኩ ነው።

ሥራዬ ማስተማር ነው፤ አሰላ ውስጥ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። አንድ ጊዜ ማንም ሳይጠይቀኝ፣ ስለ ሕዋስ አከፋፈል አንዲት አጭር ቪዲዮ ለተማሪዎቼ ሠራሁ። ዓይነቷን አይታችኋታል፦ ነጭ ሰሌዳ ይመጣል፤ ከየት እንደመጣች የማትታወቅ እጅ እስክሪብቶ ይዛ ትገባለች፤ ትስላለች፣ ትጽፋለች፤ ከኋላዋ ደግሞ አንድ ሰው ይተርካል። ቪዲዮዋ በየስልኩ ዞረች። አሰላ ላይ ወሬ እንደ ጭላሎ ተራራ ጉም ነው፤ ከላይ ይነሣና ሳታስቡት ከተማውን ይሸፍነዋል። በሳምንቱ «ሰሌዳ ላይ እጅ የሚያስኬደው መምህር» ተብዬ ተፈለግሁ።

የፈለገኝ ኢተያ አካባቢ ያለ የገበሬዎች ማኅበር ነው። ጉዳዩ ቀልድ አልነበረም። ስንዴ ላይ የሚወጣ ቢጫ ዋግ የሚባል በሽታ አለ፤ ቅጠሉ ላይ እንደ ዱቄት ተነስንሶ ይታይና፣ ቶሎ ካልተደረሰበት በነፋስ ተጭኖ ከአንዱ ማሳ ወደ ሌላው ይሻገራል። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ገብቶባቸው፣ የአንዳንዱ ሰው ማሳ ለዓይን ስንዴ፣ ለአውድማ ገለባ ሆኖ ቀርቷል። ስለዚህ ገበሬው በሽታውን ገና ሲጀምር እንዲለየው የሚያስተምር የአምስት ደቂቃ ቪዲዮ፣ በአማርኛና በኦሮምኛ ተሠርቶ፣ በመስከረም የገበሬዎች ቀን እንዲታይ ተፈለገ።

«ምን ችግር አለው!» አልኩ። ካፍ ከወጣ አፋፍ።

ሁለት ሰው ተሰጠኝ። አንደኛው አቶ ሽፈራው፣ የሰብል ጥበቃ ባለሙያ ናቸው። ጥሩ ሰው ናቸው፤ ስንዴን እንደ ልጃቸው የሚወዱ፣ ቃልን ደግሞ እንደ መድኃኒት በጠብታ የሚለኩ። ሃያ አንድ ዓረፍተ ነገር ያለበት ወረቀት ሰጡኝና «ጸድቋል» አሉኝ። ሦስተኛው ለምሳሌ እንዲህ ይላል፦ «በስንዴ ቅጠል ላይ በመስመር የተደረደሩ ቢጫ ብናኞች መታየታቸው የቢጫ ዋግ በሽታ መከሰቱን የሚያመላክት ይሆናል።» ከዚህ ላይ አንድ ፊደል እንዳይነካ፣ የተጻፈው ሁሉ እንዲነገር፣ የተነገረውም ሁሉ እንዲጻፍ አጥብቀው አሳሰቡኝ።

«ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢነቀል በአንዱ ተንጠልጠል ይባል የለ?» አሉኝ። «ያልሰማው ያነባል፤ ያላነበበው ይሰማል።»

አመንኳቸው። እናንተስ ብትሆኑ አታምኑም?

ሁለተኛዋ፣ ድምፅ እንዲሰጡ የተመረጡት አዴ ብርቄ ናቸው። አዴ በእኛ አገር ለእናት ያህል ሴት የሚሰጥ ማክበሪያ ነው። ስድሳን የደፈኑ፣ ባላቸው ካረፉ ወዲህ ማሳቸውን ራሳቸው የሚመሩ፣ «ሞዴል ገበሬ» ተብለው የተሸለሙትን የምስክር ወረቀት መስተዋት አስገጥመው የሰቀሉ ሴት ናቸው። ቤተ ክርስቲያን መዝሙር ሲያነሡ ማይክ አይፈልጉም። ከማሳቸው ዳር ቆመው አንድ ጎረቤት ከጠሩ፣ የተጠራውም ያልተጠራውም ይመጣል ይባላል።

ቀረጻው የእኔ መኝታ ቤት ውስጥ ሆነ። ወሩ ነሐሴ ነው፤ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። ድምፅ እንዳያስተጋባ ግድግዳውን ሁሉ በብርድ ልብስና በጋቢ ሸፈንኩት። ባለቤቴ ሰናይት ከሥራ ስትመለስ በሩ ላይ ቆማ አየችና «ማነው የሞተብን?» አለችኝ። ዝናብ ሲመጣ ቆርቆሮው ይንጫጫል፤ እናቆማለን። ዝናቡ ሲያባራ የጎረቤት አህያ ይቀበለዋል።

አዴ ብርቄ ማንበብ ያውቃሉ፤ ድሮ በመሠረተ ትምህርት ጊዜ የተማሩት ነው። ንባባቸው ግን ምስር እንደሚለቅም ሰው ነው፤ አንዷን ፊደል ያነሣሉ፣ ገልበጥ አድርገው ያይዋታል፣ ያስቀምጧታል። «በ... ስን... ዴ... ቅ... ጠል...» እያሉ «ይሆናል» ላይ ሲደርሱ፣ ሰሌዳው ላይ የነበረችው እጅ ጽፋ ጨርሳ ሄዳለች። እጇን አዘገየኋት። አሁን ደግሞ አንዲቷን «ብ» ለመጻፍ እየተንቀጠቀጠች ዓመት ፈጀች።

«መምህር፣» አሉኝ አዴ ብርቄ ወረቀቱን አጠፍ አድርገው፣ «ይሄ አማርኛ ነው?»

«ነው እንጂ አዴ!»

«እኔ ከአማርኛ ጋር የተዋወቅን መስሎኝ ነበር።»

ከዚያ ወደ ላፕቶፑ ጠጋ ብለው እየጻፈች ያለችውን እጅ አዩዋት። ነጭ ናት፤ ለስላሳ ናት፤ እጅጌዋ የሸሚዝ ነው።

«ይቺ ደግሞ የማን እጅ ናት?»

«የፈረንጅ ናት። ከፕሮግራሙ ጋር የመጣች ናት።»

«ስንዴ ነክታ አታውቅም። ታዲያ ምን አግብቷት ነው እኔን የምታስተምረኝ?»

እዚያው ጥቁር ማርከር አስያዝኳቸውና የራሳቸውን እጅ ፎቶ አንሥቼ በፈረንጇ ቦታ ተካኋት። አውራ ጣቷ ላይ የማጭድ ጠባሳ ያለባት፣ ዳር ዳሯ የተሰነጣጠቀ፣ ማርከር ስትይዝ እንኳ የእርፍ አያያዝ የማይለቃት እጅ። አዴ ብርቄ እጃቸው ሰሌዳ ላይ ስትሄድ ባዩ ጊዜ አፋቸውን በነጠላቸው ይዘው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። የዚያን ቀን የተሳካልን ሥራ ይኸው ብቻ ነው።

ንባባቸው አልሆን ሲል፣ ኦሪጅናል ሐሳብ መጣልኝ፦ ራሴ ላነብበው! መምህር አይደለሁ? አነበብኩት። ቃልና ፊደል አንድ ላይ ተነሥተው አንድ ላይ ተቀመጡ፤ «ቢ» ስል «ቢ»፣ «ጫ» ስል «ጫ»። በሰልፍ የሚሄዱ ወታደሮች በሉት። ኩራቴን ይዤ ሰናይትን ጠራኋትና አስቀመጥኳት። አንድ ደቂቃ አየች። ሁለተኛው ላይ ዓይኗ መስኮት መስኮት ማየት ጀመረ።

«ምነው?»

«ላንብብ ወይስ ልስማ?»

«አንድ ነው እኮ! የማነበውና የተጻፈው አንድ ነው።»

«እሱ ነው ችግሩ። አንተ ሳትጨርስ እኔ አንብቤ ጨርሼ እጠብቅሃለሁ። ስጠብቅህ ደግሞ እንቅልፌ ይመጣል።»

ሰው ሃያ ዓመት ሲያስተምር የኖረበትን ነገር ሚስቱ በአንድ ዓረፍተ ነገር ስትነግረው ምን ይሰማዋል? ለካ ክፍል ውስጥ ሰሌዳ ላይ የጻፍኩትን መልሼ ሳነብ የሚያንቀላፉት ልጆች ጥፋታቸው አልነበረም። ምን ላድርግ፣ ሰምቼ እንዳልሰማ ሆኜ አለፍኩ።

በማግስቱ አዴ ብርቄን መልሼ ጠራኋቸውና ወረቀቱን ከእጃቸው ተቀበልኩ። «ይሄን ይተዉት። ለልጅዎ እንደሚነግሩት አድርገው ይንገሩኝ» አልኳቸው። ጉሮሯቸውን ጠረጉና አንዴም ሳይደናቀፉ እንዲህ ብለው ጀመሩ፦

«ልጆቼ፣ ዋግ ሌባ ነው። ሌባ ደግሞ በበር አይመጣም። ከሥር፣ ከርጥቡ በኩል፣ ሰው ከማያየው ጠርዝ ይጀምራል። እናንተ መሐል ቆማችሁ ማሳዬ አማረ ትላላችሁ፤ እሱ ጠርዝ ላይ ቁርሱን እየበላ ነው። ስታዩት ምንም አይመስልም፤ ቀስ ብሎ ነው የሚበላችሁ። ነጭ ጨርቅ ይዛችሁ ግቡ። ቅጠሉን ጥረጉ። ጨርቁ እርድ የነካው ከመሰለ፣ መጣ ማለት ነው። ያኔ እንዳትደብቁ! እናንተ የደበቃችሁት ለጎረቤት ይተርፋል። ንገሩ!»

አህያው እንኳ ዝም አለ።

ድምፁን ወሰድኩና በአቶ ሽፈራው ሃያ አንድ ዓረፍተ ነገሮች ላይ ጫንኩት። ጽሑፉ የጸደቀው ነው፤ ድምፁ የአዴ ብርቄ ነው። ሁለት ባላ። ጆሮ ስለ ሌባ ይሰማል፤ ዓይን ስለ ብናኝ ያነባል፤ መሐል ላይ ያለው ሰው ወይ ሌባውን አይዝ ወይ ብናኙን። በዚያ ላይ በችኮላ አንዷን ሥዕል ከቦታዋ አዛንፌአታለሁ፤ እኔ ግን አላወቅኩም።

አቶ ሽፈራው ሊያዩ ቤታችን መጡ። ደህና ሄደ። ከዚያ የአዴ ብርቄ እጅ መነጽር ያደረጉ፣ ኮት የለበሱ፣ ቁርጥ አቶ ሽፈራውን የመሰሉ ሰው ሳለች። ሥሩ «ባለሙያ ያማክሩ» ብላ ጻፈች። ድምፁም በሙሉ ግርማው «ስታዩት ምንም አይመስልም፤ ቀስ ብሎ ነው የሚበላችሁ» አለ።

ሰናይት ወጥ አረረብኝ ብላ ወደ ጓዳ ሮጠች። ምድጃው ላይ የተጣደ ወጥ አልነበረም።

አቶ ሽፈራው መነጽራቸውን አወለቁ። «ይህ ምንድነው?»

«የማመሳሰል ችግር ነው» አልኩ።

«ከማን ጋር?»

ተቆጡ። ቢቆጡ አይፈረድባቸውም። የጸደቀው ጽሑፍ እንዳለ ይነበብ፣ አለዚያ ሥራው ይቅር ብለው ወጡ። እኔም ስልክ አንሥቼ ለአዴ ብርቄ ነገርኳቸው፤ ነገሩን ለማለስለስ ብዬ ብዙ ዞርኩ፣ ሁለት ጊዜ ስለ ዝናቡ አነሣሁ። እሳቸው ግን እስክጨርስ እንኳ አልጠበቁኝም።

«የእኔ አፍ የማይረባ ከሆነ ወረቀቱ ራሱ ይናገር» ብለው ዘጉት።

የገበሬዎች ቀን ዐሥር ቀን ቀርቶታል። እጄ ላይ ያለው ምንድን ነው? የማይናገር ወረቀት፣ የማይጻፍ ድምፅና የተቀየሙ ሁለት ሰዎች። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽምና፣ በማግስቱ በጠዋት ተነሥቼ ኢተያ ወረድኩ። አዴ ብርቄን ማሳቸው ዳር አገኘኋቸው። ይቅርታዬን መንገድ ላይ አዘጋጅቼ ነበር፤ መግቢያ ነበረው፣ ሐተታ ነበረው። አልሰሙኝም። «ና» አሉኝና በጠርዙ በኩል ይዘውኝ ሄዱ።

አንድ ቦታ ቆም አሉ። «ከሥር» አሉ፣ በጣታቸው እያመለከቱ። ዝም አሉ። ጎንበስ ብዬ ከታች ያለውን ቅጠል እስካይ ድረስ ጠበቁኝ። ካየሁ በኋላ ነው ወሬውን የቀጠሉት፤ ርጥበት ለምን ሥሩ እንደሚውል፣ ባላቸው በሕይወት ሳሉ እንዴት ያዩት እንደነበር። ከዚያ ደግሞ ቅጠል ይዘው «ጀርባው» አሉ። ዝም። ገለበጥኩት። አየሁ። ቀጠሉ።

እኔ ሦስት ሳምንት የደከምኩበትን ሴትዮዋ ሳያስቡት ይሠሩታል! ለዓይኔ አንዲት ቃል ይሰጡትና እስኪደርስ ይጠብቁታል፤ የቀረውን ለጆሮ ይነግሩታል። ዓይን የጆሮን ሥራ አይደግምም፤ ጆሮም የዓይንን አይነጥቅም። ጭቃው ውስጥ እንደቆምኩ «አዴ፣ ገባኝ!» አልኳቸው።

«ይቅርታህ የታለ?» አሉኝ። ለካ እየጠበቁት ነበር። ከነመግቢያው አቀረብኩላቸው።

ቤቴ ተመልሼ ሃያ አንዱን ዓረፍተ ነገር ከሰሌዳው ላይ አነሣሁና ድምፃቸውን አስቀደምኩ። ጽሑፉ አሁን ጥቂት ቃላት ብቻ ሆነ፦ «ከሥር»፣ «ጥረጉ»፣ «እርድ»፣ «ንገሩ»፣ ከዚያ በታች ደግሞ የመድኃኒቱ አረጫጨት። ቀላል እንዳይመስላችሁ። ቃሏ ከድምፁ ቀድማ ከወጣች፣ ቀልዱ ሳያልቅ መጨረሻውን እንደሚናገር ሰው ናት። ዘግይታ ከወጣች ደግሞ፣ ሁሉ ስቆ ከጨረሰ በኋላ ብቻውን እንደሚስቅ። አፋቸው «ጥ» ሲል እጃቸው ሰሌዳውን መንካት አለባት። አንዲቷን «ንገሩ» ለማስማማት ብቻ አንድ ሙሉ ከሰዓት ጨረስኩ፤ ሰናይት «ንገሩ» የሚል ድምፅ ደግማ እንዳትሰማ ብላ እህቷ ቤት ሄዳ አመሸች።

አቶ ሽፈራው ወረቀታቸውንና ቀይ እስክሪብቷቸውን ይዘው መጡ። እስከ መጨረሻው ዝም ብለው አዩ። ሊናገሩ ሲሉ ስልካቸው ጠራ። አንድ ገበሬ ነው፤ ዘንድሮ ምኑን ልይ እያለ ይጠይቃቸዋል።

«ስማ፣» አሉት አቶ ሽፈራው፣ «መሐል ቆመህ አትይ፤ በጠርዙ ግባ። ነጭ ጨርቅ ያዝ። ከሥር ያለውን ቅጠል ጥረግ። እርድ የነካው ከመሰለ ሳትውል ሳታድር ደውልልኝ።»

ስልኩን ዘጉ። ሰናይት ከጓዳ ብቅ አለች።

«አቶ ሽፈራው፣ ይሄ ስንተኛው ዓረፍተ ነገር ነው?»

ወረቀታቸውን አዩ። እኔን አዩ። ከዚያ ከተዋወቅን ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ። «ሃያ ሁለተኛው» አሉና ቀይ እስክሪብቷቸውን ኪሳቸው ከተቱ።

የገበሬዎች ቀን ደረሰ። ኢተያ፣ የማኅበሩ እህል ማከማቻ ውስጥ አግዳሚ ተደርድሯል፤ መስኮቶቹ ብርሃን እንዳያስገቡ በጥቁር ላስቲክ ተሸፍነዋል። ሰዉ ግጥም ብሏል። መጀመሪያ የአማርኛው፣ ቀጥሎ የኦሮምኛው ይታያል ተባለ። አዴ ብርቄ ከፊት ተቀምጠዋል። ሰላም ስላቸው ቀዝቀዝ አሉብኝ፤ እኔ ፍርሃት ነው ብዬ አለፍኩት።

ቪዲዮው ግድግዳው ላይ ጀመረ። እጅ ገባች። ከኋላ አንድ ሰው «የብርቄ እጅ ናት!» ሲል ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ሌባው መጣ፣ ጠርዝ ላይ ቁርሱን በላ፤ እንደገና ሳቁ። «ከሥር» አሉ፤ ተጻፈ። «ጥረጉ» አሉ፤ ተጻፈ። እንደ ሰዓት ይሄዳል። እኔ ከላፕቶፑ ኋላ ሆኜ ሰዉን አያለሁ፤ የሁሉም ዓይን አንድ ቦታ፣ የሁሉም ጆሮ አንድ ቦታ። መምህር ሆኜ እንዲህ ያለ ክፍል አግኝቼ አላውቅም።

«ያኔ እንዳትደብቁ! እናንተ የደበቃችሁት ለጎረቤት ይተርፋል» አለ ድምፁ። እጅ ገባች። «ንገሩ!»

አዴ ብርቄ ተነሡ።

«አቁምልኝ መምህር!»

ደንግጬ ቁልፉ ጠፋኝ። ሰሌዳው ላይ ያሉት አዴ ብርቄ ስለ አረጫጨት መናገር ቀጠሉ፤ ፊት ለፊታችን የቆሙት አዴ ብርቄ ደግሞ ሊናገሩ አፋቸውን ከፈቱ። ሁለት ብርቄ! ያሸነፉት በእርግጥ ማይክ የማይፈልጉት ናቸው። እጃቸውን ወደ ጉያቸው ሰደዱና የተጣጠፈ ነጭ መሐረብ አወጡ። ዘረጉት።

«ኢላላ!» አሉ። እዩ ማለታቸው ነው።

መሐረቡ መሐሉ ላይ ቢጫ ነበር።

«ዛሬ ጠዋት ነው። ከቤቴ በታች ካለው ማሳዬ፣ በመንገዱ በኩል። አየሁትና አጥፌ ያዝኩት። ሞዴል ብላችሁ ሸልማችሁኝ፣ በሽታው ቀድሞ እኔ ማሳ ገባ ብዬ በእናንተ ፊት እንዴት ልናገር? ቀኑ ይለፍ፣ ነገ በቀስታ እናገራለሁ ብዬ ነበር።» ወደ ሰሌዳው አመለከቱ። «አሁን እዚህ ቁጭ ብዬ ራሴን ንገሩ ስል ሰማሁት። ምን ፊት አለኝና ልቀመጥ? የማሳዬ አዋሳኞች፣ ይቅር በሉኝ። ሂዱና ጥረጉ።»

ከዚያ አንድ ትልቅ ሰው፣ አዋሳኛቸው ናቸው፣ ቀስ ብለው ተነሡና መሐረቡን ከአዴ ብርቄ እጅ ተቀብለው አዩት። ይቆጣሉ ብዬ ስጠብቅ፣ ትከሻቸውን መታ መታ አድርገው «ብርቄ፣ ይኸው ነገርሽን እኮ» አሉና ወደ በሩ ሄዱ። ያኔ ቤቱ ሁሉ ተነሣ። አግዳሚ ወደቀ። በሩ ሲከፈት ብርሃኑ ገብቶ ሰሌዳውን አደበዘዘው። ነጠላውን የሚያወልቅ፣ መሐረብ የሚፈልግ፣ ከጎረቤቱ ጋር በአማርኛም በኦሮምኛም የሚጠራራ ሰው በአንድ ጊዜ ወደ ማሳው ፈሰሰ። አቶ ሽፈራው ሱሪያቸውን ወደ ላይ ጠቅልለው ከፊት ከፊት ይሮጣሉ፤ ኮታቸውን ማን እንደያዘላቸው እንጃ።

እኔ ብቻዬን ቀረሁ። ባዶው አግዳሚ ፊት ቪዲዮው ይሄዳል። «ነፋስ ካለ አትርጩ» ይላል ድምፁ፤ እጅ «ነፋስ» ብላ ትጽፋለች፤ አንድ ፀጉር እንኳ አልተዛነፈም። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ከሁለተኛው ደቂቃ በኋላ ያለው ከሁሉም ያማረው ነበር። ለአፍታ ልጨርሰው ብዬ አሰብኩ። ከዚያ ለራሴ አፈርኩና ላፕቶፑን ከድኜ እኔም ወጣሁ። የክፍል ጫማዬን እንዳደረግሁ ጭቃ ውስጥ ገብቼ፣ ከአንዲት ሕፃን ያዘለች እናት ማሳ ጠርዝ ጎንበስ ብዬ በመሐረቤ ቅጠል ስጠርግ ዋልኩ። የእሷ ንጹሕ ነበር። ሁለታችንም እንደ ልጅ ዘለልን።

ዋጉ የተገኘው በጥቂት ማሳዎች ጠርዝ ብቻ ነው። ገና ቁርሱ ላይ ነበር የደረሱበት። በሚቀጥሉት ቀናት ነፋስ በሌለበት ጠዋት ጠዋት እየተረዳዱ ረጩት፤ መርጫ ያለው ለሌለው እያዋሰ፣ አቶ ሽፈራው ከአንዱ ማሳ ወደ ሌላው እየተመላለሱ። የአዴ ብርቄ ማሳ ጠርዙ ላይ ትንሽ ተጎዳ፤ የቀረው ግን ዳነ። ኅዳር ላይ ማጨጃው ሲገባ ሄጄ ነበር። ስንዴው ወርቅ ሆኖ ተኝቷል፤ አዴ ብርቄም ከማዶ ጎረቤት ሲጠሩ፣ እንደተለመደው የተጠራውም ያልተጠራውም መጣ። እኔም ካልተጠሩት መሐል ሆኜ በላሁ ጠጣሁ።

ከዚያ በኋላ ማኅበሩ ስለ ሥራው የሚሞላ ቅጽ ላከልኝ። ረጅም ነው፤ ቦታው፣ ቀኑ፣ የተሰብሳቢው ብዛት ይላል። ሁሉንም ሞላሁ። ከታች አንድ ጥያቄ ነበር፦ «ተመልካቾች ቪዲዮውን እስከ መጨረሻው ተከታትለዋል?»

«አልተከታተሉም» ብዬ ጻፍኩ።

ቀጥሎ «ምክንያቱ ይገለጽ» ይላል፤ ለመግለጫው ስድስት ባዶ መስመር ተሰምሯል። ብዙ አሰብኩ። ስድስቱንም መስመር የሚሞላ ሐተታ አላጣሁም ነበር፤ ባለሙያ መሆኔን የሚያሳይ። በመጨረሻ ግን የመጀመሪያው መስመር ላይ ሁለት ቃል ብቻ ጻፍኩና ፈረምኩበት።

«ገብቷቸው ሄዱ።»